ዶልፊኑ መሄድ ይችላል ወይ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ቡራዩ ነው፣ ስራዬ አስጎብኚነት ነው፣ ከዚሁ ከሰፈሬ እየተነሳሁ እንግዶች ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ፣ ወደ ወንጪ፣ ሲገኝም ራቅ አድርጌ ወደ ሰሜን ተራሮችና ወደ ሐረር እወስዳለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሀገር ውስጥ ጉዞ አይደለም፣ ገጻችሁ ላይ ስለወጣ አንድ ማስታወቂያ ነው። የዱባይ ፓኬጅ የሚሸጥ የጉዞ ወኪል ነው፣ ስሙን አልጠራም ምክንያቱም እሱ ብቻ አይደለም፣ ቴሌግራም ብትገቡ ተመሳሳዩን የሚለጥፈው ብዙ ነው። ቪዛ፣ ትኬት፣ ሆቴል ከነቁርሱ፣ የበረሃ ሳፋሪ ምናምን ብሎ ይዘረዝርና ከታች በትልቁ ለልጆችዎ የማይረሳ ስጦታ፣ ከዶልፊን ጋር ይዋኙ ይላል፣ ፎቶው ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽዬ ልጅ ዶልፊን ጉንጯን ሲስማት ትታያለች።

ሰዉ ላይ መፍረድ አልፈልግም። ባህር የሌለን ሰዎች ነን፣ አብዛኞቻችን ዶልፊን የምናውቀው በቲቪ ነው፣ እና አንድ ቤተሰብ ስንት አመት ቆጥቦ ዱባይ ሲሄድ ልጆቹን ማስደሰት ቢፈልግ ምን ይገርማል። ለገጣፎም ሰሚትም እዚህ እኛ ጋርም ሰርግ ላይ ወይ ቡና ላይ ስትቀመጡ ከዱባይ የመጣ ሰው ስልኩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ያንን ፎቶ ነው። ደስታቸው የእውነት ነው፣ ልጆቹም እንስሳውን ወደውት ነው። እኔ የምለው ያ ፎቶ እንዴት እንደሚመጣ የነገራቸው ሰው የለም ነው፣ ወኪሉ አይነግራቸውም፣ ገንዳው ጋ ያለው ሰራተኛም አይነግራቸውም፣ ስለዚህ ቢያንስ ጋዜጣ ይንገራቸው።

ከፈገግታው ልጀምር ምክንያቱም ሰዉን የሚያታልለው እሱ ነው። ዶልፊን ሁሌ የሚስቅ የሚመስለን የመንጋጋው አፈጣጠር እንደዛ ስለሆነ ነው እንጂ ስሜቱን እያሳየ አይደለም። ሲያመውም ያው ነው፣ ሲፈራም ያው ነው፣ ሞቶ ተንሳፎም ፊቱ ያው ነው። እኛ ደግሞ ሰው ስለሆንን ፊት ነው የምናነበው፣ የሚስቅ ፊት ካየን ደስ ብሎታል ብለን እንደመድማለን፣ እና ንግዱ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። መንጋጋው እንደ ሌሎቹ እንስሳት ቢሆን ኖሮ ስንቱ ልጁን ይዞ ይገባ ነበር?

መሳሙም እንደዛው ነው። ዶልፊኑ አሰልጣኙ እጁን በሆነ መልክ ሲያነሳ ይስማል፣ ሲያዞረው ይዞራል፣ ክንፉን ያስይዛል፣ ሰው ይጎትታል፣ እያንዳንዷን ትእዛዝ በፈጸመ ቁጥር የሞተ ዓሳ ይወረወርለታል። በረዶ ቤት ከርሞ የወጣ ዓሳ ማለት ነው፣ በተፈጥሮው እኮ እያባረረ የሚያድን እንስሳ ነው። ከዛ የመጀመሪያው ቡድን ላይፍ ጃኬቱን አውልቆ ይወጣል፣ ሁለተኛው ቡድን ይገባል፣ ያው ምልክት ያው መሳም ያው ዓሳ፣ ነገም እንደዛ፣ የሚቀጥለው ወርም እንደዛ። ፎቶው ለብቻ ይሸጣል። ለቤተሰቡ በህይወቱ አንዴ የሆነች ግማሽ ሰአት ናት፣ ለዶልፊኑ ግን ህይወቱ ራሱ ናት፣ እድሜው ደግሞ አጭር እንዳይመስላችሁ፣ ባህር ውስጥ 40 አመትና ከዛ በላይ መኖር የሚችል እንስሳ ነው፣ ሴቶቹ 60 የሚደርሱም አሉ።

ስለ ቦታውም ልናገር። አሜሪካን ሀገር እንኳን፣ ህግ አላት የምትባለው፣ ደንቡ ለሁለት ዶልፊን የሚፈቅደው ትንሹ ገንዳ ስፋቱ 7.32 ሜትር ጥልቀቱ 1.83 ሜትር ነው። 1.83 የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ነው። ዶልፊኑ ራሱ 3 ሜትር ሊረዝም ይችላል። ባህር ውስጥ ሲሆን በቀን ውስጥ ብዙ አስር ኪሎሜትሮች የሚጓዝ፣ ወደ ታች ደግሞ በመቶዎች ሜትር የሚጠልቅ ዘር ያለው እንስሳ እኮ ነው፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚሮጥ አትሌት ወስዶ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ እድሜ ልክህን ዙር እንደማለት ነው። በርግጥ ከዝቅተኛው የሚበልጡ ገንዳዎች አሉ፣ የዱባዮቹም አንዳንዱ በጣም ሰፊ ነው ይባላል፣ ግን የትኛውም ገንዳ ቢሆን ጥግ አለው።

ድምጽም አለ። ዶልፊን አለሙን የሚያውቀው በአይኑ ብቻ ሳይሆን በድምጽ ነው፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምጽ ይልክና ሲመለስለት እየሰማ ዓሳው የት እንዳለ፣ ባህሩ የት እንደሚጠልቅ ይለያል። ገንዳ ውስጥ የሚመለስለት ያው ግድግዳ ነው። እያንዳንዱ ዶልፊን ደግሞ የራሱ ፉጨት አለው፣ ሌሎቹ በሱ ያውቁታል፣ እ.ኤ.አ በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከተለያዩ ከ20 አመት በላይ ቆይተው እንኳን የድሮ ጓደኛቸውን ፉጨት ለይተው ያውቃሉ። ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። ምክንያቱም የዚህ ንግድ ሌላው ስራ እንስሳቱን ከአንዱ ሀገር ወደ አንዱ፣ ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው ማዘዋወር ነው፣ እናት ከልጅ፣ ጓደኛ ከጓደኛ ሳይባል። ግልገሉ እኮ አመት ሙሉ ነው የሚረገዘው፣ ከተወለደም በኋላ ለአመታት ከእናቱ ጎን አይለይም።

ከየት ነው የሚመጡት ታዲያ? እ.ኤ.አ በጥቅምት 2007 ከሰለሞን ደሴቶች 28 ዶልፊኖች ከባህር ተይዘው በአውሮፕላን ተጭነው ዱባይ ገብተዋል፣ ፓልም ጁሜይራ ላይ ላለው አትላንቲስ ሆቴል፣ ሆቴሉ በሚቀጥለው አመት ተከፈተ። ይሄ የተደበቀ ነገር አይደለም፣ ያኔ አለም ሁሉ ያወራበት የነበረ ጉዳይ ነው። ጃፓን ደግሞ ታይጂ የምትባል ትንሽ የባህር ዳርቻ ከተማ አለች፣ ከመስከረም ጀምሮ ወራቱን ሙሉ ጀልባዎች ተሰልፈው ይወጡና የብረት ዘንግ ውሃ ውስጥ ነክረው ይቀጠቅጡታል፣ ዶልፊኖቹ ድምጹን ሽሽት ወደ ጠባቧ የባህር ክንድ ይነዳሉ፣ መረብ ይዘጋባቸዋል፣ ከዛ ገዢዎች መጥተው ወጣት የሆነውን፣ ቆዳው ላይ ጠባሳ የሌለበትን፣ በተለይ ሴቶቹን ይመርጣሉ። ካልተመረጡት ብዙዎቹ እዛው ይታረዳሉ ለስጋ። በህይወት የሚሸጠው ከስጋው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ አደኑን የሚያቆየው ዋናው ገንዘብ የገንዳው ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ በ2015 የአለም የእንስሳት ማሳያዎች (ዙዎች) ማህበር አባሉን የጃፓኑን ማህበር አግዶት ነበር በዚህ ምክንያት፣ ከዛ የጃፓኑ ማህበር አባሎቼ ከታይጂ አይገዙም ብሎ ተስማማ። እንግዲህ ራሳቸው እንስሳ በግቢ የሚያስቀምጡ ሰዎች ይሄስ በዛ ያሉት ነገር ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚለኝን አውቃለሁ። አንተ ራስህ ቱሪስት እንስሳ እያሳየህ አይደል የምትበላው? ትክክል ነው፣ እንጀራዬ ነው፣ ለዛም ነው ይሄን ጉዳይ አገር ሁሉ ሲያልፈው እኔ ማለፍ ያቃተኝ። ሐረር ስሄድ እንግዶቼን ማታ ጅብ ወደሚያበላው ሰውዬ እወስዳለሁ። ጅቦቹ ከከተማው ውጪ ካለው ጫካ በራሳቸው እግር ይመጣሉ፣ ሰውየው ስጋውን እንጨት ላይ አድርጎ በአፉ ይዞ ያበላቸዋል፣ ከጠገቡ ወይ ደስ ካላላቸው ዞረው ይሄዳሉ፣ አንዳንድ ማታ ሁለት ሶስት ብቻ መጥተው እንግዳዬ ቅር ብሎት ተመልሷል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። የጁገል ግንብ ላይ ጅብ የሚያልፍባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች እስካሁን አሉ፣ ለአሹራ በአል ገንፎ በቅቤ ተሰርቶ ይወጣላቸዋል፣ ህዝቡና ጅቡ ስንት ዘመን ተለማምደው ነው። እዛም ቢሆን ምንም ጥያቄ አይነሳም አልልም፣ በፍላሽ ካሜራ የሚያስቸግር ጎብኚ አለ፣ ማበላቱ ራሱ ባህሪያቸውን ይቀይራል የሚልም አለ። ግን ጅቡ መሄድ ይችላል።

ሰሜን ተራሮች ላይም እንደዛው ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ በመቶ ሆነው ሳር እየነጩ መሀላቸው ትቀመጣላችሁ፣ አጥር የለም ገመድ የለም፣ ዝም ካላችሁ ሁለት ሜትር አጠገባችሁ ድረስ ይመጣሉ፣ ማንም አላዘዛቸውም። ስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ) አትንኩ ይላል፣ ምግብ አትስጡ ይላል፣ በቃ። ማታ ሲሆን ወደ ገደሉ ወርደው ያድራሉ። ፈረንጆቹ አልቅሰው ሲመለሱ አይቻለሁ ከደስታ ብዛት። እኔ በዚህ ስራ ላይ ስቆይ የያዝኩት መለኪያ ይሄው ነው፣ ሌላ ፍልስፍና የለኝም፦ እንስሳው መሄድ ይችላል ወይ? መሄድ እየቻለ ከቆየ ከኔ ጋር መሆኑን ፈቅዷል። መሄድ ካልቻለ ግን የሚያሳየኝ ነገር ሁሉ፣ መሳሙም መጨፈሩም፣ ምን ማለት እንደሆነ ላውቅ አልችልም፣ ለልጄም እንስሳው ይወድሃል ልለው አልችልም።

እዛው የተወለዱትስ የሚል ክርክር አለ። አዎ አሁን ብዙዎቹ ገንዳ ውስጥ የተወለዱ ናቸው፣ ወደ ባህር ዝም ብሎ መልቀቅም አይቻልም፣ አድኖ መብላት አያውቁም። እሺ። ግን ይሄ ያሉትን በደንብ ለመጦር ምክንያት ይሆናል እንጂ ተጨማሪ ለማስወለድ እንዴት ምክንያት ይሆናል? ካናዳ እ.ኤ.አ በ2019 ህግ ስታወጣ ያደረገችው ይሄን ነው፣ ያሉት ይቆዩ፣ አዲስ መያዝም ማስወለድም ግን ክልክል። አይስላንድ ውስጥ በዛው አመት ከሻንጋይ የመጡ ሁለት ቤሉጋ አሳነባሪዎች በባህር ላይ የተከለለ ማረፊያ ተዘጋጅቶላቸዋል፣ ስራው ከባድ እንደሆነ ሰዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ፣ ግን መንገድ አለ ማለት ነው። እዚሁ እኛ ጋርም ምሳሌ አለ እኮ፣ ከቡራዩ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ከሄዳችሁ የቦርን ፍሪ ድርጅት እንስሳ ኮቴ የሚባል የእንስሳት ማዕከል አለ፣ ሰንሰለት ላይ የነበሩ አንበሶች፣ ከኮንትሮባንድ የተያዙ አቦሸማኔዎች አሉበት። ወደ ዱር የማይመለሱት እዛ ሰፊ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፣ ማንም አያቅፋቸውም፣ ማንም ሴልፊ አይነሳባቸውም።

አቦሸማኔውን ካነሳሁ አይቀር። በምስራቅ በኩል ግልገሎቹ ከእናታቸው እየተነጠቁ በሶማሌላንድ በኩል በጀልባ ወደ ባህረ ሰላጤው ሀገራት እንደሚሻገሩ ሁላችንም ሰምተናል፣ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ፣ የደረሱት መኪና ውስጥ ተቀምጠው ፎቶ ይነሱባቸዋል። በአለም ላይ የቀሩት ወደ 7100 ብቻ ናቸው ተብሎ እ.ኤ.አ በ2016 ተጽፏል። ይሄን ስንሰማ የኛ ስለሆነ ያመናል፣ ፌስቡክ ላይ እንጮሃለን፣ ደግሞ ልክ ነን። የሰለሞን ደሴቶች አሳ አጥማጅ ልጅስ ያ ዶልፊን ሲወሰድበት የሱ አይደለም እንዴ? ገዢው እኛ ስንሆን ነገሩ ይቀየራል? ኤሚሬትስ ራሷ እ.ኤ.አ በ2016 አንበሳና አቦሸማኔ ቤት ውስጥ ማሳደግን የሚከለክል ህግ አውጥታለች፣ ስለዚህ እዛም ቢሆን ሰው ሲናገር ነገር ይቀየራል፣ ማለቂያ የለውም ብሎ መተው ልክ አይመስለኝም።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይሄ በጣም ያሳሰበኝ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ከዶልፊን ጋር መዋኘት ህክምና ነው፣ ልጁ መናገር ይጀምራል እየተባሉ ብዙ ሺህ ዶላር ሲጠየቁ ሰምቻለሁ፣ ዱባይም ቱርክም። የምታውቁት ካለ እባካችሁ ንገሩት፦ ሎሪ ማሪኖና ስኮት ሊሊየንፌልድ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1998 ከዛም በ2007 ይሄን ህክምና ይደግፋሉ የተባሉትን ጥናቶች አንድ በአንድ መርምረው ዘላቂ ለውጥ ያመጣል የሚያስብል አስተማማኝ ማስረጃ የለም ብለዋል። ልጁ ውሃ ውስጥ መግባቱ ያስደስተው ይሆናል፣ ያ ሌላ ነው። ግን ዶልፊን ጉልበተኛ እንስሳ ነው፣ ሲጨነቅ ይናከሳል፣ በጭንቅላቱ ይገጫል፣ እንደዛ የተጎዱ ሰዎች አሉ። ተስፋ የቆረጠ ወላጅ ላይ እንዲህ አይነት ነገር መሸጥ በጣም ከባድ ሀጢአት ነው። ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከከፈተች በኋላ ቦታ የሚጠብቀው ልጅ ብዙ ነበር፣ ዛሬም እንዲህ አይነት ማዕከል በቂ አይደለም። ያ ገንዘብ እዚህ አስተማሪ ቢቀጥር ለስንት ልጅ በሆነ።

ደግሞ አህያውስ፣ ፈረሱስ የሚሉኝ አሉ፣ እነሱን ከልቤ ነው የምሰማቸው። እዚህ ቡራዩም ሆነ ሰንዳፋ ወይ ሱሉልታ የጋሪ ፈረስ ጀርባው ቆስሎ ሲገረፍ በየቀኑ እናያለን፣ ካረጀ ወይ ከተሰበረ በኋላ አስፋልት መሀል አካፋይ ላይ ተጥሎ መኪና እስኪገጨው የሚቆም ፈረስ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው አለ? ይሄ ሊጻፍበት ይገባል፣ የሚጽፍ ካለ አብሬው እፈርማለሁ። ነገር ግን ጋሪ ነጂው ፈረሱን የሚጭነው ልጆቹ ዳቦ ስለሚፈልጉ ነው፣ እሱን ለመርዳት ሌላ መተዳደሪያ መስጠት ያስፈልጋል፣ ረጅም ስራ ነው። ዶልፊኑን ለመተው ግን ከኛ የሚጠበቀው ትኬቱን አለመግዛት ብቻ ነው፣ ማንም ሀበሻ በዛ ምክንያት ጾሙን አያድርም። እናም ቀላሉን እምቢ ማለት ካቃተን ከባዱን እንዴት እንጀምረዋለን።

ልጆች ይማሩበታል የሚለውን ብዙም አላስረዝምም። ልጁ እዛ የሚማረው እንስሳ እኔን ለማስደሰት የተፈጠረ ነው የሚለውን ነው። ስለ ባህር ምንም አያይም፣ ሞገድ የለም፣ መንጋ የለም፣ አደን የለም።

ሌሎች ሀገሮች ደግሞ እየተዉት ነው። ህንድ እ.ኤ.አ በ2013 እንዲህ አይነት ገንዳ እንዳይከፈት ከልክላለች፣ ፈረንሳይ በ2021 ትርኢቱን የሚያስቀር ህግ አውጥታለች፣ ሜክሲኮ ያ ሁሉ የካንኩን ቱሪዝም እያላት በ2025 ከልክላለች። ኤክስፔዲያ የሚባለው ትልቁ የጉዞ ድርጅት በ2021 የታሰሩ ዶልፊኖች ትርኢትና መዋኛ ትኬት መሸጥ አቁሟል፣ አልከሰረም። ፈረንጁ የተወውን እኛ አዲስ ነገር ብለን መጀመራችን ነው የሚያሳዝነኝ፣ ወኪሎቻችን ይሄን መስመር ከፓኬጁ ቢያወጡት የቀረው ጉዞ ምን ይጎድለዋል፣ ሰው ዱባይ የሚሄደው ለገበያ ነው፣ ለዘመድ ነው፣ ህንጻውን ለማየት ነው።

ዶልፊን ማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሩቅ መሄድ የለበትም። ጅቡቲ አጠገባችን ናት፣ ባቡሩ የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው፣ እዚሁ ከከተማው ጫፍ። ታጁራ ባህረ ሰላጤ ላይ በጀልባ ሲወጣ ዶልፊኖች በራሳቸው ጊዜ ከጀልባው ፊት ፊት የሚዘሉበት ቀን አለ፣ የማይመጡበትም ቀን አለ፣ ከህዳር እስከ ጥር ደግሞ ዌል ሻርክ የሚባለው ከዓሳ ሁሉ ትልቁ እዛ ይመጣል። ግብጽ ማርሳ ዓለም አጠገብ ሳማዳይ የሚባል ሪፍ (ባህር ውስጥ ያለ የኮራል አለት) ላይም ዶልፊኖቹ ቀን ቀን የሚያርፉበት ቦታ ለሰው ዝግ ነው፣ እ.ኤ.አ ከ2004 ጀምሮ በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር ተወስኗል፣ ጎብኚው ከመስመሩ ወዲህ ሆኖ ይጠብቃል፣ ከመጡ መጡ።

ከናንተ የምጠይቀው ማስታወቂያ ክፍላችሁ ይሄን አይነት ማስታወቂያ ሲመጣለት ከዶልፊኑ መስመር ጋር ከማተሙ በፊት አንዴ እንዲያስብበት፣ ከተቻለም ያቺን መስመር አውጡልን ብሎ ወኪሉን እንዲጠይቅ ነው። ይሄን ደብዳቤ የሚያነብ የጉዞ ወኪል ካለ ደግሞ የጅቡቲውን ጉዞ በባቡርና በጀልባ ለቤተሰብ በሚሆን መልኩ አብሬው ለማውጣት ዝግጁ ነኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ስልኬ ዝግጅት ክፍላችሁ ጋ አለ፣ ለጠየቀ ሁሉ ስጡልኝ።

አክባሪያችሁ
አንድ አስጎብኚ፣ ከቡራዩ